መልኳ ለፎቶ፣ ዓመሏ ለኑሮ

ድመት በገንዘብ ይገዛል ሲባሉ የሚስቁ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። በአብዛኞቻችን ሰፈር ድመት ትሰጣለች እንጂ አትሸጥም። የጎረቤት ድመት ትወልዳለች፤ የቤቱ እመቤት "እባካችሁ አንዷን ውሰዱልኝ" ይላሉ፤ ትንሿ ድመት በካርቶን ትመጣለች፤ አይጡ ይጠፋል፤ ታሪኩም እዚያ ላይ ያልቃል። አባቷ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የዘር ሐረጓን የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ እሱን ራሱን ጸበል የሚወስደው አይጠፋም።

ይሁንና ጊዜው ተቀይሯል። እዚህ አዲስ አበባም "ኦሪጅናል ፐርሺያን" የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ ኦሪጅናል! ልክ እንደ ቻርጀር። የሚጠየቀው ጥያቄም የቻርጀር ነው። "ቀለሙ ምንድነው? መጨረሻው ስንት ነው?" ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችንም ቢሆኑ ብዙዎቹ ኢንስታግራም ላይ ያዩትን ፊት ይዘው ነው አርቢ ፍለጋ የሚወጡት። ቀለም ይጠየቃል፣ ዓይን ይጠየቃል፣ ዋጋ ይጠየቃል። ዓመል ግን አይጠየቅም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ዘሯ የታወቀ ድመት ለመግዛት የቆረጠ ሰው ከምንም በፊት ሊመርጥ የሚገባው ዓመሏን ነው። መልኳን ከለመድነው በኋላ አናየውም። ዋጋዋን ከከፈልን በኋላ እንረሳዋለን፣ ቢያንስ ለመርሳት እንሞክራለን። ዓመሏ ግን በየቀኑ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በራችንን ይቧጭራል። ድመት በወጉ ከተያዘች አስራ አምስት ዓመት ልትኖር ትችላለች። አስራ አምስት ዓመት! ከስንቱ ትዳር የሚበልጥ ዕድሜ ነው። አበው "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ያሉት ለሰው ቢሆንም ለድመት ገዢም ቃል በቃል ይሠራል።

ለመሆኑ ድመትን በመልክ መምረጥ እንዲህ የገነነው ከየት ጀምሮ ነው? እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1871 ለንደን ውስጥ፣ ክሪስታል ፓላስ በተባለው ግዙፍ የመስታወት አዳራሽ አንድ ትልቅ የድመት ትርኢት ተካሄደ። አዘጋጁ ሃሪሰን ዊየር የተባለ ሠዓሊ ነበር። ሠዓሊ መሆኑን ያዙልኝ። ዊየር ከልቡ ድመት ወዳድ ሰው ነው፤ ሐሳቡም ድመት ክብር እንድታገኝ ነበር። ነገር ግን ውድድር መለኪያ ይፈልጋል። ዳኛ ደግሞ ሳጥን ውስጥ በተቀመጠች ድመት ላይ ሊለካ የሚችለው በዓይን የሚታየውን ነው፤ ፀጉር፣ ቀለም፣ የጭንቅላት ቅርጽ፣ የጅራት ርዝመት። "ባለቤቷ አምሽታ ስትገባ ምን ታደርጋለች?" ለሚለው ጥያቄ ነጥብ መስጠት አይቻልም። ከዚያ በኋላ ማኅበራቱ ተከተሉ፤ የአሜሪካው በ1906፣ የእንግሊዙ በ1910 ተመሠረቱ። መዝገብ ተከፈተ፤ የእያንዳንዷ ድመት እናት፣ አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ተጻፈ።

ዘር መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እኛም እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ልዩነቱ ግን ያስቃልም ያስደነግጣልም። የእኛ ሽማግሌዎች የሚቆጥሩት ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። የድመት አርቢዎች ግን የወደዱት መልክ እንዳይጠፋባቸው ሲሉ ብዙ ጊዜ ዘመዳሞችን ያጋቡት ቆጥረው ነው። መልክ በዚህ መንገድ ጸንቶ ይቆያል። በሽታም እንደዚያው።

ስኮቲሽ ፎልድ የምትባለውን እንይ። ጆሮዋ ወደፊት የታጠፈ፣ ፊቷ ክብ፣ ጉጉት የምትመስል ድመት ናት። ቴይለር ስዊፍት ስላላት ዓለም ሁሉ ያውቃታል። የዘሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ የተገኘች ሱዚ የምትባል ነጭ ድመት ናት። ጆሮዋ የታጠፈው ለስላሳው አጥንት የሰውነትን ጫና እንዳይችል የሚያደርግ የዘረመል ስህተት ስላለባት ነው። ችግሩ ይህ ለስላሳ አጥንት ያለው ጆሮ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጉልበት ላይ አለ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ አለ፣ ጅራት ላይም አለ። ስለዚህ ያ "እንዴት ታምራለች" የምንለው ጆሮ የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። የእንግሊዙ ማኅበር ገና በ1970ዎቹ መጀመሪያ መመዝገብ አቁሟል፤ ኔዘርላንድስም እንዲህ ያሉ ድመቶችን ማራባት ከልክላለች። እኛ ግን ድመቷ እንደ ሰው እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ "ውይ ስታሳዝን፣ ስታምር!" እንላለን። ቁጭ ያለችው ግን አሟት ሊሆን ይችላል።

ፐርሺያኗም ከዚህ የራቀ ታሪክ የላትም። የድሮ ፎቶዎቿን ብታዩ አፍንጫ ነበራት! ትርኢቱ ጠፍጣፋ ፊት እየሸለመ ሲሄድ አርቢውም እየጨፈለቀ ሄደ። ውጤቱ ያለማቋረጥ የሚያነባ ዓይን፣ የሚያፍን አተነፋፈስና የተጨናነቀ ጥርስ ሆነ። በዚህ ላይ ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶችን የሚያበቅል በዘር የሚተላለፍ በሽታ ዘሩ ውስጥ ተሰራጭቶ ቆየ። ምክንያቱ የሆነው የዘረመል ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪታወቅና ምርመራው እስኪመጣ ድረስ በተለያዩ አገሮች ከሦስት ፐርሺያኖች አንዷን ያህል ይይዝ ነበር። የመልክ ምርጫን ዕዳ ድመቷ በሰውነቷ ከፈለች፤ ላይኩን የሰበሰብነው እኛ ነን።

መልክና ዋጋ ብቻ ቢያታልሉን ጥሩ ነበር። ስምም ያታልላል። እዚህ ላይ ደግሞ ለእኛ ለሐበሾች ተለይቶ የተጠመደ ወጥመድ አለ፤ "አቢሲኒያን" የምትባለዋ ድመት።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ትልልቅ ጆሮ ያላት፣ ፀጉሯ የቆላ ገብስ የሚመስል ቀይ ዳማ ድመት ናት። በመልክ እንኳን ሐበሻ አይደለችም ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ታሪኳም ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ከአቢሲኒያ መጣች የተባለች ዙላ የምትባል ድመት እንግሊዝ ገባች፤ በ1874 የታተመ የድመት መጽሐፍ ላይም ሥዕሏ ወጥቷል። ስሟ ራሱ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ዘሩ "አቢሲኒያን" ተብሎ ቀረ። ነገር ግን ዛሬ ካሉት የአቢሲኒያን ድመቶች ጋር ዙላን የሚያገናኝ ማስረጃ የለም። የዘረመል ጥናቶች የሚጠቁሙት ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ሆላንድ ላይደን ከተማ ያለ ሙዚየም በ1830ዎቹ የገዛት፣ ይህችኑ የምትመስል በገለባ የተሞላች ድመት አለች፤ የተለጠፈባት ጽሑፍ አገሯን ህንድ ነው የሚለው። ስለዚህ ከመቅደላ ከተወሰዱብን ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ይህችን ድመት ያለ ብዙ ሐዘን መሰረዝ እንችላለን። ብራናዎቹ ግን ይመለሱልን።

ይህን የማወራው ለታሪክ ብዬ አይደለም። አሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ ይህችን ድመት ከሺህ ዶላር በላይ አውጥታ ገዝታ ነበር። ምክንያቷ አንድ ብቻ ነው፤ ስሟ። "ቤቴ ውስጥ አማርኛ የሚገባው ፍጡር ይኑር" እያለች ትቀልዳለች። ጓደኛዬ የምትሠራው ሆስፒታል ነው፤ የሌሊት ፈረቃ፣ አንዳንዴም ደብል። ቀን ትተኛለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። አሁን ይህንን ኑሮ ከአቢሲኒያን ዓመል ጋር አጋጥሙት። አቢሲኒያን ከድመቶች ሁሉ ቀልጣፋ ከሚባሉት አንዷ ናት። ከፍ ያለ ቦታ ትወዳለች፣ ቁም ሳጥን ትከፍታለች፣ ሰው የሚሠራውን ሁሉ አብራ ካልሠራች አይሆንላትም፣ ብቸኝነት ደግሞ ጠላቷ ነው።

የሆነውን መገመት አያቅትም። ጓደኛዬ ሥራ ስትሄድ ድመቷ በር ሥር ተቀምጣ ትጮሃለች። ጓደኛዬ ልትተኛ ስትል የድመቷ ቀን ይጀምራል። መጋረጃ ተተለተለ፣ ስኒ ተሰበረ፣ ጎረቤት አቤቱታ አስገባ። ድመቷ ሆዷ ላይ ያለውን ፀጉር ልሳ ልሳ ጨረሰችው። የእንስሳት ሐኪሙ ምንም በሽታ አላገኘባትም፤ "ሰልችቷት ነው" አላት። በመጨረሻ አንድ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ጡረታ ለወጡ ባልና ሚስት ሰጠቻቸው። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፤ እንጨት ይጠርባሉ፣ ድመቷ ትከሻቸው ላይ ሆና ትቆጣጠራለች። ሆዷም ፀጉር አበቀለ። ድመቷ ያችው ናት፤ መልኳም ስሟም ያው ነው። የተለወጠው ዓመሏ ቦታ ማግኘቱ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ግን ለወራት በልጅ የተፈረደባት እናት ይመስል ስታለቅስ ነበር። ሁለቱም አልጠፉም፤ ምርጫው ነው የጠፋው።

"ድመት ያው ድመት ናት፣ ዓመል በዘር ይለያያል የምትይው ተረት ነው" የሚለኝ ይኖራል። ተረት አይደለም። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5,700 በላይ ድመቶችን መረጃ ይዘው ባወጡት ጥናት፣ በባሕርይ ልዩነት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳይተዋል። በ2021 ደግሞ ከ4,300 በላይ ድመቶች ላይ ተመሥርተው ዘሮቹን አነጻጸሩ። ከሁሉ ፈሪዋ ራሺያን ብሉ ሆነች። ከሁሉ ደፋሯ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? አቢሲኒያን! (ስሙ ትንሽ ረድቷት ይሆን?) ከሁሉ ተንቀሳቃሿ ቤንጋል፣ ከሁሉ ረጋ ያለችው ፐርሺያንና አጭር ፀጉር ያላት ዘመዷ ኤግዞቲክ ሆኑ። ተርኪሽ ቫን የተባለችው ደግሞ ሰው ላይ ቁጡ ሆና ተገኘች። በ2019ኙ ጥናት ብሪቲሽ ሾርትሄር የተባለችው ከሰው ጋር መነካካት ብዙም የማትፈልግ ሆና ነበር የታየችው። ለምትገፈትር ድመት "ምን አደረግኳት?" ብሎ ማዘን አያስፈልግም ማለት ነው። እሷ እንዲህ ናት።

የዘር ወረቀት እውነተኛ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ የሹመት ደብዳቤ አይደለም፤ ትንበያ ነው። ከካርቶን የምትወጣዋ የሰፈር ድመት ነገ ምን ዓይነት እንደምትሆን አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ ድንቅ ትሆናለች፣ አንዳንዴም አትሆንም። ዘሯ የታወቀ ድመት ግን ወደየትኛው ዓመል እንደምታዘነብል ቀድማ ትነግረናለች። ይህንን ሊያስተምሩን የሚችሉ አርቢዎችም ነበሩ። ራግዶል የምትባለው ዘር በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስትጀመር አን ቤከር የተባለችው አርቢ ከፈለገቻቸው ነገሮች ዋነኛው ገራምነት ነበር። ስሟም "የጨርቅ አሻንጉሊት" ማለት ነው፤ ሲያነሷት እጅ ላይ ዝርግትግት ስለምትል። ይኸው በዓመሏ ስም የወጣላት ድመት! ትንበያ ሸጦልን ሳለ እኛ ወረቀቱን ፍሬም አድርገን ግድግዳ ላይ ብንሰቅለው ጥፋቱ የአርቢው አይደለም።

ይሁን እንጂ ግማሹ በዘር ከሆነ ሌላው ግማሽስ? እሱ ከኑሮ ነው። እዚህ ላይ አባቶቻችን "እናቷን አይተህ ልጇን አግባ" ያሉት ምክር ከማንኛውም የድመት መመሪያ ይበልጣል። ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ እናትየውን ለማየት ጠይቁ። እንግዳ ሲገባ ሶፋ ሥር ትገባለች ወይስ መጥታ ታሸታለች? ሻጩ እናቷን ማሳየት ካልፈለገ ኮታችሁን አንሱ። በነገራችን ላይ ምክሩ አባትየውን ረስቶታል። ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳገኙት ሰው የሚወድ አባት ያላቸው የድመት ልጆች ሰው ይወዳሉ። አባትየው ልጆቹን ጭራሽ ባያያቸውም እንኳ! ጥሎ የሄደ አባት ዓመሉን ግን ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ "የት አደጉ?" የሚለው ነው። የድመት ልጅ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው ከነካት፣ ድምፅ ከሰማች፣ ልጅ ከተጫወተባት ሰውን እንደ ወገን ትቆጥራለች። ይህ ጊዜ ጓሮ ባለ ሳጥን ውስጥ ካለፈ በኋላ መጠገን ይከብዳል። የአርባ ትውልድ የዘር ሐረግ ቢኖራት እነዚያን አምስት ሳምንታት አይተካም። ሦስተኛው "ስንት ሳምንቷ ነው?" የሚለው ነው። ትንሽ ሳለች ስለምታሳዝን በስድስትና በሰባት ሳምንቷ የሚሸጧት አሉ። እዚያው ሄልሲንኪ በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናታቸው የተለዩት ቁጡ የመሆን ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቶ፣ እስከ አስራ አራት ሳምንት ቢቆዩ እንደሚሻል መክሯል። ሕፃንነቷን ለፎቶ ስንቸኩል ዓመሏን እናበላሻለን።

ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ በሉና ምንም አታድርጉ። ስልካችሁንም አስቀምጡት። ከአምስቱ የትኛዋ ትመጣለች? የትኛዋ ከሩቅ ታያለች? የትኛዋ የወንድሟን ጅራት ትነክሳለች? ያቺ ቆንጆዋ ሰማያዊ ዓይን ጥግ ተወሽቃ ስትንቀጠቀጥ ያቺ ዳልቻዋ ጫማችሁ ላይ ወጥታ ከተኛች፣ ምርጫው አልቋል። ዳልቻዋ መርጣችኋለች።

"ገንዘቡ የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ በመልክ ብመርጥ ማን አገባው?" የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለቦርሳ ቢሆን ኖሮ ልክ ነህ እለው ነበር። ቦርሳ አንተ ሥራ ስትሄድ በር ሥር አታለቅስም። ድመት ግን ለተሳሳተው ምርጫህ ዋጋውን አብራህ ትከፍላለች፤ እሷ ደግሞ አልመረጠችህም። "ሰው በሚራብበት አገር ስለ ድመት ዓመል ታወሪያለሽ?" ለሚለው ደግሞ መልሴ ይኸው ነው፤ ለድመት ይህን ያህል ብር ማውጣት አያስፈልግም የሚለውን ክርክር በደስታ እቀበላለሁ። እንዲያውም ከማንም በፊት የሰፈሯን ድመት እዩ እላለሁ፤ በዓመል የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ካርቶኗ ውስጥ የሚፈልገውን ያገኛል። ብሩ ከወጣ ግን ለታጠፈ ጆሮና ለተጨፈለቀ አፍንጫ አይውጣ።

እናም ልትገዙ የተነሳችሁ ሁሉ፣ ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት ለራሳችሁ ሦስት ነገር መልሱ። ስንት ሰዓት ቤት እገባለሁ? ቤቴ ውስጥ ማን አለ? እኔ ራሴ ዝምታ ነው የምወደው ወይስ ግርግር? ብቻዋን ለምትውል ድመት አቢሲኒያን አትሆንም፤ ሁለት ካልሆኑ ወይም ሰው ከሌለ አትጀምሩት። ዕቅፍ ለሚወድ ልጅ ብሪቲሽ ሾርትሄር ብታመጡለት ሁለቱም ያዝናሉ። ረጋ ያለች ጓደኛ ለሚፈልግ ፐርሺያን ትሆነዋለች፤ ግን አፍንጫ ያላትን ይምረጥ፣ በየቀኑ ፀጉሯን ለማበጠርም ይዘጋጅ። መልሱን ይዞ የሄደ ሰው ሻጩን የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። "መጨረሻው ስንት ነው?" ማለቱ አይቀርም፤ እኛው ነንና። ግን ከዚያ በፊት "እናቷ የታለች?" ይላል።